ፈረሰኝነትና ጨዋነት፦ ትናንትና ዛሬ



ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ የካቴኪስቶች ሥልጠና ላይ ስለ ምሥጢረ ሜሮን ስናስተምር፣ ይህን ምሥጢር የሚቀበል ክርስቲያን «የክርስቶስ ወታደር» ይሆናል የሚለውን የቆየ አነጋገር ጠቅሰን ወደሚቀጥለው ነጥብ ልናልፍ ነበር። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል በዕድሜ የገፉ አንዲት ካቴኪስት እጃቸውን አነሡና፣ «አባ፣ እኔ የማስተምራቸው ልጆች ወታደር የሚለውን ቃል ሲሰሙ ትዝ የሚላቸው ወንድማቸው ነው። የአንዱ ወንድም ሄዶ አልተመለሰም፤ የሌላው ተመልሶ እንደ ቀድሞው አልሆነም። እኔ በዚህ ቃል ምን ብዬ ላስተምራቸው?» ሲሉ ጠየቁን። የሰጠነው መልስ ከመጽሐፍ የተቀዳ ነበር፤ የጠየቁትን ግን አልመለሰም። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ተቀመጡ፤ ጥያቄው ግን ከእኛ ጋር ቀረ።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ያንን ዕዳ በመጠኑም ቢሆን ለመክፈል ነው። «የክርስቶስ ወታደር» የሚለው አነጋገር መሠረቱ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛው መልእክት ውስጥ ይገኛል። ይሁን እንጂ በምዕራባዊቱ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይህን ቃል ሥዕልና ሥርዓት ያለበሱት የመካከለኛው ዘመን ፈረሰኞች ናቸው። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ፣ ቤተ ክርስቲያንም ከእነርሱ ምን ፈልጋ እንደ ነበር፣ ምኞቷም የት እንደ ተሳካና የት እንደ ከሸፈ ሳናውቅ ቃሉን በትክክል ማስተማር አንችልም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

1. ቃሉና ታሪኩ

በአውሮፓ «ናይት» ወይም «ካቫሊዬሬ» የሚባለውን ሰው በሙሉ ትርጉሙ የሚተካ አንድ የአማርኛ ቃል የለንም። ጣልያኖች «ካቫሊዬሬ»፣ ፈረንሳዮች «ሸቫልዬ»፣ ጀርመኖች «ሪተር» ይሉታል፤ ሦስቱም ከፈረስና ከግልቢያ የወጡ ቃላት ናቸው። እኛም በዚሁ ምክንያት «ፈረሰኛ» እንለዋለን። የእንግሊዞቹ «ናይት» ግን ከፈረስ አልመጣም። በጥንታዊ ቋንቋቸው ልጅ፣ አገልጋይ ማለት ነበር። እንግዲህ ከአንዱ ስም ኃይልን፣ ከሌላው ስም አገልግሎትን እናገኛለን፤ የፈረሰኝነት ታሪክም በሙሉ የእነዚህ የሁለቱ ትግል ነው።

በሀገራችንም ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ታሪክ ያለው ቃል አለ፤ እርሱም «ጨዋ» የሚለው ነው። እንደ ዐምደ ጽዮንና እንደ ዘርዐ ያዕቆብ ባሉት ነገሥታት ዘመን ጨዋ የሚባለው በየአውራጃው እንዲሰፍር የሚደረግ የንጉሥ ሠራዊት ነበር። የቤተ ክህነት ሰዎች ደግሞ ቃሉን ካህን ላልሆነ፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላልተማረ ሰው ይጠቀሙበት ነበር። ዛሬ ግን አንድን ሰው «ጨዋ ነው» ስንል ያደገበትን ሥነ ሥርዓት፣ ሰው አክባሪነቱንና አንደበቱን የሚገታ መሆኑን መግለጻችን ነው። ጦር ያነገበው ቃል ከዘመን ብዛት ትጥቁን ፈትቶ የጠባይ ስም ሆነ። በአውሮፓም እንዲሁ የፈረሰኛ ሥራ የነበረው ነገር ቀስ በቀስ የመልካም ጠባይ መጠሪያ ሆኗል። ይህ ለውጥ ግን በራሱ የመጣ አይደለም፤ ብዙ ድካም ጠይቋል።

2. ኃይልን በመሐላ ማሰር

በ10ኛው መቶ ዓመት በምዕራብ አውሮፓ የነገሥታት ሥልጣን ተዳክሞ ነበር። ግንብ የሠራና ጥቂት ፈረሰኞች የያዘ ሁሉ በአካባቢው ላይ ጌታ ሆነ። የጦር ፈረስ፣ የብረት ልብስና ሰይፍ እጅግ ውድ ስለ ነበሩ፣ እነዚህን የያዘና ያልያዘ እኩል አልነበሩም። ፈረሰኛው የገበሬውን በሬ ሲነዳ፣ የገዳሙን ጎተራ ሲያራቁት «ተው» የሚለው ዳኛ አልተገኘም።

ቤተ ክርስቲያን በዚያን ጊዜ የነበራት መሣሪያ ቃሏ፣ የቅዱሳን ዐፅምና የሕዝቡ ምስክርነት ብቻ ነበር። በ989 በፈረንሳይ ምድር በሻሩ ገዳም የተሰበሰቡ ጳጳሳት ቤተ ክርስቲያንን በሚዘርፍ፣ የድኻን ከብት በሚነጥቅና ያልታጠቀን ካህን በሚመታ ሰው ላይ ውግዘት አወጁ። ይህና ይህን የመሰሉት ጉባኤያት «የእግዚአብሔር ሰላም» ተብለው ይታወቃሉ። የቅዱሳን ዐፅም ወደ ሜዳ ይወጣል፤ ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ ባለ ሰይፎቹም በሁሉ ፊት ይምላሉ። በ1027 ደግሞ በቱሉዥ ሜዳ በተደረገ ጉባኤ ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ማንም በጠላቱ ላይ እንዳይነሣ ተደነገገ። ቆየት ብሎም የተከለከሉት ቀናት ከረቡዕ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት እንዲሆኑ ተደረገ፤ ይኸውም የጌታ ዕርገት፣ ሕማማት፣ መቀበርና ትንሣኤ የሚታሰቡባቸው ዕለታት በደም እንዳይረክሱ ነው። ይህም «የእግዚአብሔር ዕርቅ» ተባለ።

ድንጋጌው ብዙ ጊዜ ተጥሷል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። የክርስቲያን ፈረሰኝነት የተጀመረው ኃይለኛውን በማወደስ አይደለም። «እስከዚህ ድረስ፣ ከዚህም አትለፍ» ብሎ ለኃይለኛው ወሰን በማበጀት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የታሰበው ፈረሰኛው አይደለም፤ ፈረስ የሌለው ነው።

3. የመሠዊያው ሌሊት

ጎልማሳው መሣሪያ የሚረከብበት ልማድ ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የቀደመ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግን በዚህ ልማድ ውስጥ ጸሎቷን አስገባች። በ10ኛው መቶ ዓመት የጳጳሳት ሥርዓተ ጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ሰይፍ የሚባረክበት ጸሎት የሚገኝ ሲሆን፣ የሚለምነውም ሰይፉ ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለመበለቶችና ለሙት ልጆች መከታ እንዲሆን ነው።

በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት ሥርዓቱ እየሰፋ ሄደ። በሥርዓቱ ሙሉ መልክ፣ ዕጩው በዋዜማው ገላውን ይታጠባል፤ ይህም የጥምቀት መታሰቢያ ነው። ነጭ ልብስ ይለብሳል፤ ኃጢአቱን ይናዘዛል። ሌሊቱን በጸሎት ቤት ውስጥ ሲተጋ ያድራል፤ በማግስቱ ቅዳሴ አስቀድሶ ቅዱስ ቁርባን ይቀበላል። ሰይፉ በመሠዊያው ላይ ይኖራል፤ ተባርኮም ይሰጠዋል። ይህ ድርጊት ብዙ ይናገራል። በመሠዊያ ላይ የተቀመጠ ነገር ከዚያ በኋላ የሰጪው አይደለም። ጎልማሳው ሰይፉን መልሶ ሲቀበል እንደ ራሱ ንብረት አድርጎ አልነበረም፤ እንደ አደራ እንጂ። በ1270ዎቹ ዓመታት ስለ ፈረሰኝነት መጽሐፍ የጻፈው የማዮርካው ራሞን ሉልም የፈረሰኛ ክብር ከተሰጠው ሥራ እንደማይለይ አስተምሯል።

ከሥርዓቱ ሁሉ ግን ለእኛ ርእስ እጅግ የሚጠቅመው መጨረሻው ነው። ሹመቱን የሚሰጠው ሰው አዲሱን ፈረሰኛ በእጁ ወይም በሰይፍ ጎን ይመታዋል። በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጳጳሱ በጊዮም ዱራን በተዘጋጀው የጳጳሳት መጽሐፍ መሠረት ሥርዓቱን የሚፈጽመው ጳጳስ አዲሱን ፈረሰኛ ቀለል አድርጎ በጥፊ ይነካዋል። በዚሁ ዘመን በላቲን ሥርዓት ሜሮን የሚቀበለውንም ክርስቲያን ጳጳሱ ጉንጩን በቀስታ መታ የሚያደርግበት ልማድ ገባ። ሁለቱ ድርጊቶች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ አንባቢ ራሱ ያያል። ከትሬንቶ ጉባኤ በኋላ የወጣው ትምህርተ ክርስቶስ የሜሮኑን ጥፊ ሲተረጉም፣ ተቀባዩ ስለ ክርስቶስ ስም መከራን ሁሉ በማይሸነፍ ልብ ለመታገሥ መዘጋጀት እንዳለበት ያስታውሰዋል ይላል። ሥርዓቱ በ1971 ሲታደስ ጥፊው ቀርቷል፤ በዕድሜ የገፉ ምእመናን ግን ያስታውሱት ይሆናል። በምሥራቃውያን ሥርዓት ሜሮን ከጥምቀት ጋር አብሮ የሚሰጥ ስለ ሆነ ይህ ልማድ አልነበረም።

እንግዲህ እናስተውል። ወታደር ለመሆን በሚፈጸመው በዚያ ሥርዓት ውስጥ አንድ ምት ብቻ አለ፤ እርሱንም ወታደሩ ይቀበለዋል እንጂ አይሰነዝረውም። መልሶም አይመታም።

4. ቃል ኪዳኑ ሲፈርስ

ስለ ፈረሰኞች መልካሙን ብቻ ተናግረን ብናቆም እውነትን እናጎድላለን። በ1095 ር.ሊ.ጳ. ዑርባኖስ ዳግማዊ በክሌርሞን ጉባኤ የአውሮፓን ተዋጊዎች ወደ ምሥራቅ እንዲዘምቱ ጠሩ። በሚቀጥለው ዓመት ከዘማቾቹ የተወሰኑት ገና ከአውሮፓ ሳይወጡ በራይን ወንዝ ዳር ባሉት ከተሞች፣ በተለይ በዎርምስና በማይንዝ፣ አይሁድን ፈጁ። በ1099 ኢየሩሳሌምን በያዙ ጊዜ በከተማይቱ ውስጥ ታላቅ ዕልቂት አደረሱ። በ1204 ደግሞ የራሳቸው ወንድሞች የሆኑትን ክርስቲያኖች ከተማ ቁስጥንጥንያን ዘረፉ። ር.ሊ.ጳ. ኢኖሰንት ሣልሳዊ በክርስቲያኖች ላይ እንዳይዘምቱ አስቀድመው ከልክለው ነበር፤ ከሆነም በኋላ ድርጊቱን ገሥጸዋል። የተሰበረው ግን አልተጠገነም። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ2001 ወደ አቴና በሄዱ ጊዜ፣ ካቶሊካውያን በኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻቸው ላይ ስለ ፈጸሙት በደል እግዚአብሔርን ይቅርታ ለምነዋል፤ የቁስጥንጥንያንም መዘረፍ በኀዘን አስታውሰዋል።

ከጦር ሜዳ ውጭም ጉድለት ነበረ። ፈረሰኛው ጨዋነቱን የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ለእኩያው ነበር። የተማረከ ባለ ማዕረግ በክብር ተይዞ ቤዛው እስኪመጣ ይጠበቃል፤ እግረኛው ግን በዚያው ሜዳ ይገደላል። ለእመቤቲቱ ቅኔ ይዘረፍላታል፤ የገበሬው ሚስት እርሻ ግን በእሳት ይጋያል። ከሚመስለን ሰው ጋር ብቻ የሚሠራ ጨዋነት ገና ጨዋነት አልሆነም።

ይህ የሩቅ ሀገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በሀገራችን ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክ እምነታቸውን በይፋ ከገለጹ በኋላ እምነቱ በመንግሥት ኃይል እንዲጸና ተሞከረ። ውጤቱም ዐመፅና ደም መፋሰስ ሆነ፤ ንጉሡም በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀድሞ እምነቱ እንዲመለስ ለማወጅ ተገደዱ። የዚያ ዘመን ቁስል በሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ለረጅም ጊዜ ሲመረቅዝ ኖሯል። እኛ ካቶሊካውያን ይህን ስናነብ ሌላውን ለመክሰስ ወይም ራሳችንን ለመከላከል መቸኮል የለብንም። ሰይፍ ከመሠዊያው ወርዶ የባለቤቱ ብቻ ሲሆን፣ በላዩ ላይ የተቀረጸው መስቀል ደም ከማፍሰስ አያግደውም።

5. «ጌቶቻችን ድውያን»

በዚያው ዘመን፣ በዚያችው ኢየሩሳሌም ሌላ ነገር ይሠራ ነበር። ከመስቀል ጦርነት በፊት የአማልፊ ነጋዴዎች ለተሳላሚዎች ማረፊያ አቋቁመው ነበር። የዚህ ቤት ኃላፊ ብፁዕ ጄራርድ ሕሙማንን የሚያገለግሉ ወንድሞችን ሰበሰበ፤ በ1113ም ር.ሊ.ጳ. ፓስካል ዳግማዊ ማኅበሩን በይፋ አጸደቁ። ይህም የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ነው። ተከታዩ ሬይሞን ዱ ፒዊ በጻፈው ደንብ መሠረት ወንድሞቹ ራሳቸውን የድኾች አገልጋዮች፣ ሕሙማኑን ደግሞ ጌቶቻችን ብለው ይጠሩ ነበር።

ይህ ባዶ ቃል እንዳልነበረ የ1182 ደንባቸው ይመሰክራል። ለሕሙማን አራት ሐኪሞች ይመደባሉ። አልጋው በቂ ርዝመትና ስፋት ይኑረው፤ እያንዳንዱም የራሱ መሸፈኛ ይኑረው ይላል። ሕመምተኛው ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲሄድ እንዳይበርደው የበግ ቆዳ ካባና ጫማ ይሰጠው ይላል። ለመሳለም መጥተው በዚያ ለሚወልዱ ሴቶች ሕፃናትም ትናንሽ አልጋዎች ይዘጋጁ ይላል። የዘመኑ ጽሑፍ እንደሚናገረው በዚህ ቤት ሙስሊሞችና አይሁድም ይታከሙ ነበር። ሌላው ፈረሰኛ ድል ባደረገበት ሜዳ ሲዘከር፣ እነዚህ ስለ አንድ ድኻ እግር ብርድ ደንብ ጻፉ።

ማኅበሩ ከጊዜ በኋላ የጦር ሥራም ጨምሮ ይዟል፤ ከጦርነት ጉድለትም ነጻ አልነበረም። ኢየሩሳሌምን በ1187፣ ዓኮን በ1291 ለቅቆ፣ በቆጵሮስ በኩል ወደ ሮዳስ ደሴት ተዛወረ፤ ከ1530 ጀምሮ ደግሞ በማልታ ተቀመጠ። በ1798 ናፖሊዮን ማልታን ሲይዝ ምሽጉም ግዛቱም አለቀ። ማኅበሩ ግን አላለቀም። ከ1834 ጀምሮ መቀመጫው ሮም ሲሆን፣ ዛሬ የማልታ ማኅበር ተብሎ በመቶ ሃያ በሚያህሉ ሀገሮች ሕሙማንን፣ ስደተኞችንና አደጋ የደረሰባቸውን ይረዳል። ለብዙ መቶ ዓመታት የማኅበሩ አለቃ ከመኳንንት ዘር መሆን ይጠበቅበት ነበር፤ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2022 ያጸደቁት አዲስ ሕገ መንግሥት ግን ይህን የዘር ግዴታ አስቀርቶታል። ግንቡ፣ መርከቡ፣ የዘር ሐረጉ ሁሉ አለፈ፤ የሕሙማኑ አልጋ ቀረ።

6. ከፈረስ የወረዱ ቅዱሳን

በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ፈረሰኝነትን ከውስጥ የለወጡት ሦስት ሰዎችን ለአብነት እንጥቀስ።

የመጀመሪያው በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው ቅዱስ ማርቲኖስ ዘቱር ነው። የሮማ ፈረሰኛ ወታደር ሳለ በአሚያን ከተማ በር በብርድ የሚንቀጠቀጥ ለማኝ አገኘ። ገንዘብ ስላልነበረው ካባውን በሰይፉ ለሁለት ቆርጦ ግማሹን ሰጠው። በዚያች ሌሊት ክርስቶስ ያን ግማሽ ካባ ለብሶ በሕልም ታየው። ካቴኪስቶች ሆይ፣ ማርቲኖስ ይህን ያደረገው ገና ሳይጠመቅ፣ ንኡሰ ክርስቲያን ሆኖ ትምህርት በሚከታተልበት ጊዜ እንደ ነበር አስታውሱ። ሕይወቱን የጻፈለት ሰው ስለዚያ ሰይፍ ያቆየልን ትዝታ ጨርቅ የቆረጠበትን ቀን ነው።

ሁለተኛው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ ነው። የነጋዴ ልጅ ሆኖ ሳለ ምኞቱ ፈረሰኛ መሆን ነበር። በ1202 አሲዚ ከፔሩጃ ጋር ባደረገችው ጦርነት ተማርኮ አንድ ዓመት ያህል ታሰረ። ከተፈታ በኋላ እንደ ገና ታጥቆ ወደ ደቡብ ጣልያን ሲሄድ፣ በስፖሌቶ ጌታውን ትቶ ለምን አገልጋዩን እንደሚከተል የሚጠይቅ ድምፅ በሌሊት ሰማና ተመለሰ። ከዚያም በፊት ይሸሻቸው የነበሩትን ለምጻሞች ማገልገል ጀመረ። በ1219 በመስቀል ጦርነት መካከል ወደ ግብፅ ተሻግሮ፣ ያለ መሣሪያ የጦር ሜዳውን አልፎ በሱልጣን አል ካሚል ፊት ቆመ፤ በሰላምም ተመለሰ። ልጅነቱ የተመኘውን ድፍረት አልጣለውም፤ ድፍረቱ ከመግደል ተለየ እንጂ።

ሦስተኛው ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ነው። በ1521 በፓምፕሎና ምሽግ ሲከላከል የመድፍ ጥይት እግሩን ሰበረው። ተኝቶ ሳለ የፈረሰኞች ተረት እንዲሰጡት ጠየቀ፤ በቤቱ የተገኙት ግን የክርስቶስና የቅዱሳን ሕይወት የሚናገሩ መጻሕፍት ነበሩ። በ1522 በብሥራት ዋዜማ በሞንሴራት በእመቤታችን ፊት እንደ አዲስ ፈረሰኛ ሌሊቱን ሲተጋ አደረ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ሌሎች ከትጋቱ በኋላ ሰይፍ ይታጠቃሉ፤ እርሱ ሰይፉን በዚያው ትቶ ሄደ። ያማረ ልብሱን ለአንድ ድኻ ሰጥቶ ነበርና፣ ድኻው «ሰርቀህ ነው» ተብሎ መያዙን ሲሰማ ስለ እርሱ አለቀሰ። በዚህም መልካም ሥራ እንኳ ደካማውን ሊጎዳ እንደሚችል ተማረ።

7. ዛሬስ?

ዛሬ ፈረሰኝነት በብዙ ቦታ የክብር ስም ሆኗል። በብሪታንያ ንጉሡ ትከሻውን በሰይፍ የነኩት ሐኪም ወይም ስፖርተኛ «ሰር» ይባላል። ቅድስት መንበርም በ1831 እንደ ተቋቋመው እንደ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ኒሻን ያሉትን ለቤተ ክርስቲያን ላገለገሉ ወንዶችና ሴቶች ትሰጣለች። የቅዱስ መቃብር ማኅበርም በቅድስት ሀገር የሚኖሩትን ክርስቲያኖች ትምህርት ቤቶችና ቁምስናዎች ይደግፋል። በሌላ በኩል ማዕረግና ካባ በገንዘብ የሚሰጡ የማስመሰያ ማኅበራት አሉ፤ ቅድስት መንበርም እንደማታውቃቸው አስታውቃለች።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኛ ቁምስናዎች የሚቀርበው የአባ ማይክል ማክጊቭኒ ምሳሌ ይመስለናል። እኚህ ካህን በአሜሪካ በኒው ሄቨን ከተማ ምክትል ቆሞስ ሳሉ ስደተኛ ሠራተኞች በሥራ ላይ ሲሞቱ ሚስትና ልጆቻቸው ያለ ምንም ሲቀሩ ያዩ ነበር። በ1882 የቁምስናውን ወንዶች ሰብስበው «የኮሎምበስ ናይትስ» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። አባላቱ መዋጮ ያወጣሉ፤ አንዱ ሲሞት መበለቲቱና ልጆቹ ይረዳሉ። ይህን ሲሰማ «ይህማ እድር ነው» የማይል ኢትዮጵያዊ የለም። ፈረስ የለም፤ ሰይፉም ለበዓል ሰልፍ ከሚሆን ጌጥ አያልፍም፤ ሥራው ግን ከሺህ ዓመት በፊት በሰይፉ ላይ የተጸለየው ያው ጸሎት ነው፤ መበለትና የሙት ልጅ። አባ ማክጊቭኒ በ1890 በ38 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በ2020 ብፅዕናቸው ታውጇል።

8. ለጥያቄው መልስ

አሁን ወደ እኚያ ካቴኪስት እንመለስ። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ሀገራችን የተካሄደው ጦርነትና በሌሎችም አካባቢዎች የታየው ግጭት ብዙ ቤት አጨልሟል። በዚህ ኀዘን ፊት «የክርስቶስ ወታደር» የሚለውን ቃል እንደ መፈክር ማሰማት አይገባም። ለልጆቹም ወንድማቸውን እንዲያፍሩበት ማስተማር አይገባም። መጥምቁ ዮሐንስ ወታደሮች መጥተው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ አልሰደባቸውም፤ ማንንም እንዳይዘርፉ፣ በሐሰት እንዳይከሱ፣ ደመወዛቸው እንዲበቃቸው ነገራቸው። ኃይል የያዘ ሰው ሁሉ ከዚህ ምክር አይወጣም።

ስለዚህ ልጆቹን እንዲህ ብላችሁ ብትጠይቋቸው መልካም ነው፤ «ከአንተ የሚደክም ማነው? ከአንቺስ?» እያንዳንዱ ልጅ ለዚህ መልስ አለው። ታናሽ እኅት አለችው፤ በክፍል ውስጥ የሚንተባተብ ጓደኛ አለው፤ በቤት ውስጥ ከገጠር የመጣች፣ የእርሱ እኩያ የሆነች ሠራተኛ አለች። የክርስቶስ ወታደር መሆን የሚጀመረው እዚያ ነው። ጡንቻ ሰይፍ ነው። አንደበትም ሰይፍ ነው። የሹም ማኅተም፣ የአሠሪ ደመወዝ፣ የአንዲትን ልጅ ፎቶግራፍ ላፍታ ለመንደሩ ሁሉ የሚያደርስ የእጅ ስልክ፣ እነዚህ ሁሉ ሰይፍ ናቸው። እኛ ካህናትም የቆምንበት አትሮንስ ሰይፍ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ሰይፍ አለን ወይስ የለንም አይደለም፤ በመሠዊያው ላይ አኑረነዋል ወይ ነው።

ሁለተኛም ስለዚያች አንድ ምት ንገሯቸው። ወታደሩ በሥርዓቱ ላይ የተማረው መመታትን እንደሆነ፣ ጌታችንም በሊቀ ካህናቱ ግቢ በጥፊ ሲመታ ስለ ምን እንደ ተመታ ጠየቀ እንጂ መልሶ እንዳልመታ አስረዷቸው። ይህ ፈሪነት አይደለም፤ ስለ እውነት መጠየቁን አልተወምና። ደካማው ሲጠቃ ዝም ማለትም ትዕግሥት አይባልም። በራስ ላይ የመጣውን መታገሥና በሌላው ላይ የመጣውን መከላከል፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ክርስቲያናዊ ጨዋነት ይባላሉ።

እኚህ እናት ዛሬ ቢጠይቁን፣ «እማማ፣ የክርስቶስ ወታደር ማለት ሌላው በእርሱ ምክንያት የማይፈራ ሰው ነው ብለው ያስተምሩ» እንላቸው ነበር። ከዚያም ልጆቹ የሄዱትን ወንድሞቻቸውን በስማቸው እየጠሩ እንዲጸልዩ ጊዜ እንዲሰጧቸው እንለምናቸው ነበር። ያን ቀን ማድረግ የነበረብን ይህንኑ ነበርና።

ለቡድን ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በቁምስናችን «ጨዋ» የሚባለው ምን ዓይነት ሰው ነው? ጨዋነቱ ከቤት ሠራተኛውና ከቀን ሠራተኛው ጋርም ያው ነውን?

ለ. ለእያንዳንዳችን የተሰጠን «ሰይፍ» ምንድን ነው? በእርሱ የተጎዳ ሰው አለን? ካለስ እንዴት እንካሰው?

ሐ. የ1182ቱ ደንብ ስለ ሕመምተኛው ጫማ ካሰበ፣ እኛ በአካባቢያችን ያሉትን ሕሙማን ስንጠይቅ የምንዘነጋው ምንድን ነው?

መ. በመካከላችን በጦርነት ምክንያት ያዘኑ ቤተሰቦች እነማን ናቸው? ከጸሎት ሌላ ምን እናድርግላቸው?

እግዚአብሔር ለእያንዳንዳችን የሰጠንን ኃይል ለደካሞች መከታ ያድርግልን። አሜን።